አምስተኛው ኮምፒውተር

ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው ወረቀት መሳብ ጀመረ። ባንቺአየሁ ካውያውን አቁማ ዞር አለች። እሷ ቤት ፕሪንተር በራሱ ቢነሣ ጉድ አያሰኝም፤ አራት ቤት የሚጠቀምበት ፕሪንተር ነው። ጎረቤት ከየቤቱ ይልካል፤ ከዚያ በምትኩ አንድ ባዶ ወረቀት ይዞ ይመጣና የታተመለትን ይወስዳል። ደንቡ ይኸው ነው። የማን እንደሆነ እንዳይምታታም በየገጹ ግርጌ የላኪው ኮምፒውተር ስም እንዲወጣ ያደረገችው ራሷ ናት። የወጣውን ወረቀት አነሣችና ግርጌውን ተመለከተች።

“ተክለ ጊዮርጊስ” ይላል።

እንዲህ የሚባል ኮምፒውተር የላቸውም።

ባንቺአየሁ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን ናት። ኮሌጁ ያረጁትን ማሽኖች በጨረታ ሲያስወግድ፣ ሲበሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓሩ አምስት ኮምፒውተሮች ገዝታ ሽምብጥ ሰፈር ወዳለው ቤቷ በጋሪ አስጭና አመጣች። ባሏ አዘዘ “ቁርጥራጭ ብረት ልትነግጂ ነው?” ብሎ ሲስቅባት ከረመ። እሷ ግን ከአንዱ እየነቀለች ለሌላው እየገጠመች አራቱን አስነሣች። አምስተኛው አልነሣ ስላለ ለመለዋወጫ ይሁን ብላ ጎረቤቷ እማማ እናትዓለም ጓሮ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው።

በስልክ የሚገኘው ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ በዚያ ረድፍ ቤቶች የመስመር ኢንተርኔት ያላት ባንቺአየሁ ብቻ ነበረች። ጎረቤቶቿ ከዓለም ተለያይተው እሷ ብቻዋን መክፈት ነውር መሰላት። ኬብሉን በአጥር ላይ አሳልፋ በቆርቆሮ ሥር እየሳበች፣ ለልብስ ሰፊዋ ለሥርጉት፣ ለተከራዩ የሒሳብ ሠራተኛና ለእማማ እናትዓለም አዳረሰችው። ይህን ያደረገችው በደግነት ነው፤ ደግነት ግን ውል ላይ አይጻፍም። ውሉ ላይ የተጻፈው የባንቺአየሁ ስም ብቻ ነው።

ኮምፒውተሮቹን በየሰዉ የክርስትና ስም እንድትሰይማቸው የመከሯት እማማ እናትዓለም ናቸው። ሟች ባላቸው መሪጌታ ነበሩና እንዲህ ያለ ነገር አይሳሳቱም። “የዓለም ስማችንን ያገኘ ሁሉ ይጠራዋል። የክርስትና ስማችንን ግን ንስሓ አባታችንና የቤታችን ሰው ነው የሚያውቀው። እሱን ጣፊበት” አሏት። የባንቺአየሁ “ወለተ ኪዳን” ተባለ፣ የሥርጉት “ወለተ ሚካኤል”፣ የተከራዩ “ገብረ ሥላሴ”፣ የእማማ እናትዓለም “ፅጌ ማርያም”። በቃ፤ አራት ናቸው።

ወረቀቱን ገልብጣ አነበበችው። ስላመረቀዘ የእግር ቁስል ነው የሚያወራው፤ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ሲወጣና ትኩሳት ሲጨመር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ። ከታች የሁለት መድኃኒቶች ስም ተጽፏል።

ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ መስመሩን የሚጠቀሙትን ዝርዝር ከፈተች። እንዳይሆን የፈለገችው ነበር ዓይኗ ላይ የተደቀነው። አምስት ስም አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ባንቺአየሁ ከአንድ ወር ወዲህ የምትፈራው ይህንኑ ነበር። ከወዲያኛው ሰፈር አንድ ፀጉር አስተካካይ መስመሩን ለተከራዮቹ አካፍሎ፣ ከእነሱ አንዱ የጻፈው ነገር በእሱ ተቆጥሮ ሰውዬው ተወሰደ ተባለ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ማን አጣርቶ? ከዚያ በኋላ ግን ባለ መስመር ሁሉ ማን ማን እንደሚጠቀምበት በቅጽ ያስመዝግብ የሚል ትእዛዝ ወጣ። የብሎኩ ተጠሪ አቶ አስማማው ቅጹን ይዘው ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ እሷ ቤት ይመጣሉ። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አዘዘ ከሚሠራበት ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ጓዳ ተኝቷል። ሄዳ ትከሻውን ነቀነቀችው።

“አዘዘ፣ ተነሥ። መስመራችን ላይ ሰው አለ።”

“የምን ሰው?” አለ፣ ዓይኑን እያሸ።

“እኔ እንጃ። አምስተኛ ኮምፒውተር ገብቷል። ስሙ ተክለ ጊዮርጊስ ነው።”

አዘዘ ሊያዛጋ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ተነሥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

“ይኸን ስም ሰምቼዋለሁ” አለ ቀስ ብሎ። “ፍትሐቱ ላይ። ቄሱ ‘ነፍሰ ገብርከ ተክለ ጊዮርጊስ’ ሲሉ አጠገባቸው ጧፍ ይዤ ቆሜ ነበር። የሕዝቅኤል የክርስትና ስም ነው።”

ሕዝቅኤል የእማማ እናትዓለም አንድ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማንንም ሳይሰናበት ከቤት ወጣ። ከአምስት ወር በፊት መርዶው መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ሬሳ በሌለበት ተለቀሰ፣ ተዝካሩ ወጣ። በጦርነቱ በየትኛው በኩል ሆኖ እንደሞተ የጠየቀ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠያቂውን ራሱን ያስጠይቀዋል።

አዘዘ አማተበ። “የሞተ ሰው ኮምፒውተር አይከፍት።”

“አይከፍትም።”

“እንግዲያ አንድም መንፈስ ነው፣ አንድም…” ብሎ ተወው።

መንፈስ ቢሆን ኖሮ ባንቺአየሁ ደስ ባላት ነበር። ለመንፈስ ጠበል አለው።

“ቁረጪው” አለ አዘዘ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፣ በገዛ ቤቱ። “አስማማው ሳይመጣ አሁኑኑ ቁረጪው። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። መቅደላዊትን አስቢ፤ ዐሥረኛ ክፍል ሳትጨርስ እናቷን ልታጣ ነው? መስመሩ በስምሽ ነው። ቢመጡ የሚወስዱት አንቺን ነው እንጂ እማማ እናትዓለምን አይደለም።”

ባንቺአየሁ ከመሣሪያ ሳጥኗ ፒንሳውን አወጣችና ወጣች።

ኬብሉን በዓይኗ እየተከተለች ሄደች። በሥርጉት አጥር ላይ ያልፋል፣ በተከራዩ መስኮት ሥር ይታጠፋል፣ ከዚያ የረድፉ መጨረሻ ወደሆነው ወደ እማማ እናትዓለም ቤት ይገባል። ከዚያ ቤት ጀርባ ደንገልና ሐይቅ እንጂ ጎረቤት የለም። ሥርጉት በመስኮት “ባንቺ፣ ሊጠፋ ነው እንዴ ኔትወርኩ?” ብላ ጠየቀቻት። “አይ፣ ልፈትሸው ብዬ ነው” አለቻት። ውሸት እንዲህ ቶሎ ይመጣልኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

እማማ እናትዓለም በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ናቸው። ሌላ ጊዜ “ግቢ፣ ግቢ” ብለው እጇን የሚጎትቱት ሴትዮ ዛሬ በሩን በትከሻቸው ዘግተው ቆሙ።

“ኬብሉን ልይ ብዬ ነው የመጣሁ፣ እማማ።”

“ምነው፣ ተበላሸ?”

“አልተበላሸም። ከእርስዎ ቤት ወረቀት ተልኮልኝ ነው።”

የእማማ እናትዓለም ዓይን ወደ ፒንሳው ወረደ።

“ልትቆርጪው ነው?”

“ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልቆርጥም።”

ክንዷን ይዘው አስገቧትና በሩን በመወርወሪያ ዘጉት። ሳሎኑ ዴቶል ዴቶል ይሸታል። “ፅጌ ማርያም” የተባለው ኮምፒውተር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጠፍቷል። ከጀርባው ካለው ማከፋፈያ ሳጥን ግን ባንቺአየሁ ያልዘረጋችው ሁለተኛ ኬብል ወጥቶ፣ በግድግዳው ሥር ሄዶ፣ ወደ ጓሮው ክፍል በሚያስገባው በር ሥር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲተይብ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ባንቺአየሁ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

“እንዴት፣ እማማ?”

“እኔስ ምን ብዬ ልንገርሽ” አሉ። “ሦስት ሳምንቱ ነው። በደንገሉ በኩል፣ በውኃው ዳር መጣ። ውሻ እንኳ አልጮኸበትም። የጮህሁ እኔ ነኝ፤ እሱ አፌን ያዘኝ።”

“ማን ነው የሚፈልገው?”

“የሄደበትም ይፈልገዋል፣ የሸሸውም ይፈልገዋል። ሁለቱም ዘንድ ሙት ነው። ሙት ሆኖ ይቆይልኝ ብዬ ይኸን ጥቁር አላወለቅሁም። ልጄ ሞተ ተብዬ ደረቴን ደቃሁ፤ ልጄ መጣ ብዬ ግን እልል ማለት አልቻልሁም።”

“ኮምፒውተሩስ?”

“ያን አልነሣ ያለሽን ነካክቶ አስነሣው። ቁስሉ ሲብስበት በዚያ እያነበበ ነው የሚያክመው። ስሙን ግን እኔ ነኝ ያጠፋሁ።” እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “‘ስም ስጠኝ ይላል፣ እማዬ፣ ምን ልበለው?’ አለኝ። ‘የዚህ ቤት ደንብ የክርስትና ስም ነው’ አልሁት። ደንብ ያከበርሁ መስሎኝ፣ ልጄ። ሰው የቀበረውን ስም ገልጬ አደባባይ ማውጣቴ መች ታወቀኝ?”

ባንቺአየሁ ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም። ደንቡን ያወጡት አብረው ነበር።

“ወረቀቱን ልወስድ ባዶ ወረቀት ይዤ እስከ አጥርሽ መጥቼ ነበር” አሉ እማማ እናትዓለም። “ፈራሁና ተመለስሁ። የመድኃኒቱን ስም በአፌ ብናገር እሳሳታለሁ፣ ጽሑፉን ላሳያቸው ብዬ ነው። ደግሞስ እኔ በሁለት እግሬ ሄጄ የእግር ቁስል መድኃኒት ስጡኝ ብል፣ ለማን ነው አይሉኝም? ማን አለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?”

የጓሮው ክፍል በር በአንድ ጣት ስፋት ተከፈተ። ባንቺአየሁ ፊት አላየችም። ያየችው አግዳሚ ላይ የተጋደመ ግራ እግር ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ በጨርቅ ተጠምጥሟል፣ ጣቶቹ አብጠው ያብረቀርቃሉ።

“እትዬ ባንቺ” አለ ድምፁ፤ ያለቀሰችለት ልጅ ድምፅ ነው። “ይቁረጡት። ለእርስዎ መዘዝ ልሆን አልመጣሁም።”

ፍርሃት በሁለት በኩል ያዛት። አንዱ ለራሷ ነው፤ ሌላው ያን እግር በማየቷ የመጣ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት ሳትችል ከውጭ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማች። ሞተሩ የእሷ በር ላይ ሲደርስ ጠፋ። በሰፈሩ ሞተር የሚነዱት አቶ አስማማው ብቻ ናቸው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ዝርዝሩን ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ትታው መውጣቷ ትዝ አላት።

“አጥፋው” አለች ወደ በሩ። “እስክልክብህ እንዳታበራው።” ፒንሳውን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችና ወጣች። ላለመሮጥ ስትል እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች።

ስትገባ አቶ አስማማው በእሷ ወንበር፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። አዘዘ አጠገባቸው ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ቀደም ብዬ መጣሁ” አሉ አቶ አስማማው። “ሰማዩ ከብዷል፤ ሳይዘንብ ልጨርስ ብዬ ነው።” መነጽራቸውን አደረጉና ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ የሕዝቅኤልን ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ባንቺአየሁን ያስፈራትም ይኸው ነበር። ፍትሐቱ ላይ ከፊት ቆመው ነበርና ያንን ስም ሰምተዋል።

“ስንት ቤት ነው የሚጠቀመው?”

“አራት።”

“ማሽንስ?” አሉና መልስ ሳይጠብቁ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስኬዱ። “እዚህ አምስት ይላል። ወለተ ኪዳን፣ ወለተ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ፣ ፅጌ ማርያም። ምነው፣ የጽዋ ማኅበር አስመሰላችሁት?”

ማንም አልሳቀም።

“የመጀመሪያው የእኔ ነው” አለች ባንቺአየሁ። ሁለተኛው የሥርጉት፣ ሦስተኛው የተከራዩ፣ አራተኛው የእማማ እናትዓለም እንደሆነ አስረዳች። አቶ አስማማው እያንዳንዱን ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቷቸው ቆመ።

“ተክለ ጊዮርጊስስ ማነው?”

‘አላውቅም’ ብትል ሰውዬው ተነሥተው ኬብሉን ተከትለው መሄዳቸው ነው፤ ኬብሉ ደግሞ የሚያደርሰው አንድ ቦታ ነው። የረድፉ መጨረሻ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም።

“የአዘዘ ነው” አለች።

ባሏን አላየችውም። ልታየው ድፍረት አልነበራትም። አሁን አንዲት ቃል ቢናገር፣ ወይም እንደ ተኛ ሰው “ምን?” ቢል፣ ያበቃል።

“አዎ” አለ አዘዘ በመጨረሻ። “የእኔ ነው።”

“ሁለት ማሽን አላችሁ?”

“አንዱ አሮጌ ነው፤ ጓዳ ነው ያለ።”

አቶ አስማማው ወደ ጓዳው ተመለከቱ፣ ግን አልተነሡም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ፕሪንተሩ ዘርግተው ወረቀቱን አነሡ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ግርጌውን ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ይኸም ያንተ ነዋ። እግርህን ምን ሆንህ?”

አዘዘ በሁለት ጤነኛ እግሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር። “ሥራ ላይ ብረት ነካኝ” አለ።

“የትኛውን?”

“ግራውን” አለች ባንቺአየሁ ፈጥና። “ሐኪም ይይህ ብለው እንቢ አለኝ።”

አዘዘ ያን ጊዜ ብቻ ክብደቱን ወደ ቀኝ እግሩ አዞረ። ዘግይቶ ነው፤ ሰው አይቶት ከሆነ አይቷል።

አቶ አስማማው ወረቀቱን ቦታው መለሱና ቅጹን ወደ እሷ ገፉት። ከስሞቹ በታች ‘ከላይ ከተመዘገቡት ሌላ ማንም እንደማይጠቀም አረጋግጣለሁ፤ በመስመሩ ለሚተላለፈው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ’ የሚል ተጽፏል። ባንቺአየሁ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መቅደላዊት ትዝ አለቻት፤ ፀጉር አስተካካዩም ትዝ አላት። ፈረመች። ፊርማዋ የእሷ አልመስል አላት።

በሩ ላይ ሲደርሱ አቶ አስማማው ቆም አሉ።

“እኔ እንኳ ሰውን በፊቱ እንጂ በስሙ አልይዝም” አሉ፣ ቅጹን እያጠፉ። “ይኸን የሚያነበው ግን ሌላ ነው። እግር አይናቅም፣ አዘዘ። ዛሬውኑ መድኃኒቱን ግዛ።”

አዘዘ የሞተራቸው ድምፅ ርቆ እስኪጠፋ ጠበቀ።

“አውቋል” አለ አዘዘ።

“እኔ እንጃ።”

“አውቋል እልሻለሁ። ካላወቀም ነገ ወደ ፋብሪካው ስሄድ ያየኛል። ቆሜ ስሠራም ባልደረቦቼ ያዩኛል፤ ወሬ ይደርሰዋል።” ድምፁ ከፍ አለና ራሱ ደንግጦ ዝቅ አደረገው። “የሞተ ሰው ስም አሸከምሽኝ፣ ባንቺ። ሳትነግሪኝ።”

“አሸከምሁህ።”

“ቁረጪ አላልሁሽም?”

“ብለኸኛል።”

“ታዲያ?”

“አልሞተም፣ አዘዘ። እዚያ ነው ያለ፤ ድምፁን ሰማሁት። እግሩ አብጧል። ከሰነበተ የሚቆረጥ፣ ወይም የሚገድለው ይመስለኛል።”

አዘዘ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ውኃ የቀዳው፣ ፍራሽ የተሸከመው እሱ ነበር። መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ።

“ከስቷል?” አለ።

“ፊቱን አላየሁትም። እግሩን ብቻ ነው ያየሁ።”

ውጭ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱ። ባንቺአየሁ አሁንም ትፈራ ነበር፤ እንዲያውም ከቅድሙ ይልቅ። ፊርማዋ በሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ እየሄደ ነው፤ መመለሻ የለውም። ከቁም ሣጥኑ አሮጌ ነጠላ አወጣች፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ በረጅሙ ቀደደችው፣ ከዚያ ባሏ ፊት በርከክ አለች።

“ግራ እግርህን አምጣ።”

አዘዘ አያት። ብዙ አያት። ከዚያ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበና እግሩን ጉልበቷ ላይ አኖረው። ጤነኛውን ባት ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ጠመጠመችው፤ እንዳይላላ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው። የመድኃኒቱን ወረቀት አጥፋ፣ ግርጌውን ቀዳ ጣለችና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

“በባጃጅ ልሂድ?”

“በእግርህ ሂድ። ሰው ይይህ።”

አዘዘ ተነሥቶ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራመደ። አነካከሱ እንደ ቆሰለ ዘማች ነበር።

“ትንሽ ቀንሰው” አለችው።

ቀነሰው። ዣንጥላውን ያዘ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

“ባንቺ፣ እስከ መቼ ነው የማነክስ?”

“እሱ እስኪድን” አለችና በሩን ከፈተችለት።